የለሊሴ ካባ፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአንድ የጥር ሰሞን

ድሬዳዋ ከዚራ ያለችው ፎቶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ጎረቤቶቼ ከጉዞ ስመለስ መጀመሪያ የጠየቁኝ «መንገዱ አያስፈራም?» ብለው ነው። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የሚያውቋቸው በዜና ብቻ ነው፤ ያውም በዚያ ሰሞን ዜና። እኔም ከመሄዴ በፊት ከእነሱ የተሻለ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እንደነሱ ላሉ ሁሉ ነው፤ ከሙቀታችን ወጥተው፣ በጥር ጠዋት ሣር ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ሲያድር ለማየት ዕድሉ ላልገጠማቸው።

የሄድኩት ለሥራ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰላም ሰበታ ውስጥ የሙሽራ ካባና ቀሚስ ታከራያለች። እኔ ደግሞ ፎቶ ቤቴ ሰው አጥቶ ሊዘጋ ሲል አጫጭር ቪዲዮ በስልኬ እየቀረጽኩ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ጀመርኩ፤ ደንበኛዬም በዚያው ተመለሰ። ሰላም ይህን ሰምታ ደወለችልኝ።

«ሮማን፣ ጥር ገብቶ አንድ ሙሽራ በሬን አላንኳኳችም። አዲስ አበቤው ወደዚህ መውጣት ፈርቷል። ነይና ያንቺን ዓይነት ቪዲዮ ሥሪልኝ» አለች።

ፍርሃቱ እውነት ነበረው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያያይዛል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ ሰግቷል፤ ወጣቱም ለተቃውሞ ወጥቷል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የሞቱ ነበሩ፤ የታሰሩም ብዙ ነበሩ።

ረቡዕ

አውቶቡሳችን ከድሬ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝና «ሰው ከተሰበሰበበት እንዳትቆሚ፤ ካሜራሽንም እንዳታወጪ» አለችኝ። የምሄደው እኮ ልቀርጽ ነው ስላት ዝም አለች። የድሬ እናት ዝም ካለች ከልቧ ፈርታለች ማለት ነው።

ደንገጎን ወጥተን ቁልቢን እስክናልፍ በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ነበርኩ። ሚኤሶ ላይ አንዲት ሴት የግመል ወተት በጀሪካን ይዛ ተሳፈረች። ረዳቱ ጀሪካኑን ከኔ ሻንጣ በላይ አስቀመጠው። ክዳኑ ላልቶ ኖሮ አዋሽ ለምሳ ስንወርድ ሻንጣዬ ከላይ እስከ ታች ርሷል። ውስጡ ያለኝ አንድ ሹራብ ነበር፤ እሱም ጠጥቶታል። ሴትዮዋ በጣም አፍራ ያላትን ነጠላ አውልቃ ልትሰጠኝ ተነሳች። እንቢ አልኳት። እስከ አዳማ ድረስ ግን በየመንደሩ ባለፍን ቁጥር ስለ እናቴ ጤና ትጠይቀኝ ነበር። ሌላ የምትክሰኝበት ነገር ስላልነበራት ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ስንገባ መሽቶ ነበር። ከዚያ በታክሲ፣ በአየር ጤናና በአለም ገና አድርጌ ሰበታ ደረስኩ። ከታክሲው ስወርድ ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። አየሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ሰላም አቅፋ ስትስመኝ አፍንጫዋን ያዘች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ግመል የምትሸቺው?»

ታሪኩን ስነግራት እየሳቀች ሹራቤን ዘፈዘፈችና የራሷን ጋቢ አለበሰችኝ። ድሬ ላይ ጋቢ የሚለብሰው የታመመ ሰው ነው። እኔ ግን እስክመለስ ድረስ አላወለቅኩትም።

ሐሙስ

ጠዋት በሩን ስከፍት ከቤቶቹ ጀርባ የወጨጫ ተራራ ከነጭጋጉ ቆሟል። ከፊት ለፊት ደግሞ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚሄደው ሠራተኛ መንገዱን ሞልቶታል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ምሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ፣ እየተሳሳቁ ያልፋሉ። የኛ ከተማ ጠዋት ባጃጅ ነው፤ ሰው በእግሩ ሲፈስ እንዲህ አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁ ሳላውቅ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ።

የሰላም ሱቅ ከመኝታዋ ቀጥሎ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ካባዎቹ ግን ያምራሉ፤ ጥቁር ከፋይ ላይ ወርቃማ ጥልፍ የተሠራባቸው፣ ቀይ ገበር ያላቸው። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ገጿን ስታሳየኝ ከእነዚህ አንዳቸውም የሉበትም። ያለችው የውጭ አገር ሙሽራ ናት፤ በላይዋ «ለሰርግዎ ይደውሉ» የሚል ባለ አበባ ጽሑፍ ተለጥፎባታል።

«ይቺ ማናት?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፤ አውርጃት ነው። ታምራለች ብዬ።»

«ሰው መጥቶ እሷን ሲያጣስ?»

ሳቀች። ከዚያ እኔ ድሬ ላይ ወድቄ ተነስቼ የተማርኩትን ነገርኳት። ሰው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ነው የሚያልፈን፤ ጣቱ ቀጥ የሚልበት ነገር ገና ከመጀመሪያው መታየት አለበት። ሙሽራ ማየት የምትፈልገው ራሷን ነው፤ ስለዚህ ካባው በእውነተኛ ሰው ትከሻ ላይ ይውጣ። የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ደግሞ ሳይቆዩ መመለስ ነው፤ መልስ ያጣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደተመለሰ እንግዳ ነው።

ሰላም ካባውን ደርባ ካሜራው ፊት ስትቆም ግን ያቺ ሳቂታ ሴት ጠፋች። እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብላ «ክቡራን ደንበኞቻችን» ትላለች። ደጋግመን ቀረጽን። መጨረሻ ላይ የጎረቤት ላም በተከፈተው በር አንገቷን አስገብታ የካባውን ዘርፍ ማኘክ ጀመረች። ሰላም ካባውን እየጎተተች፣ ላሟን በኦሮምኛ እየለመነች፣ ስትስቅና ስትቆጣ ያለውን ቀረጽኩት። የለቀቅነው እሱን ነው። ሰው ወዲያው ማየት ጀመረ፤ ስለ ላሟ ቀልድ በቀልድ ሆነ።

ከቀልዶቹ መካከል ግን አንድ ሰው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሰው ልጁን እየቀበረ እናንተ ካባ ታከራያላችሁ?»

ድሬ ላይ እንዲህ ያለ አስተያየት ደርሶኝ አያውቅም። አጥፊው አልኳት። ሰላም ግን አስተያየቱን እንደገና አነበበችው። ከዚያ ቀስ እያለች ጻፈች፦ «እውነትዎን ነው። እኔም በዚህ ወር የጎረቤቴን ልጅ ቀብሬያለሁ። የሚያገቡም ግን አሉ፤ እነሱንስ ምን እንበላቸው?»

አጠገቧ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ላስተምራት የመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ መልስ መጻፍ ግን አላስተማርኳትም፤ አልችልበትምም። 

ያን ከሰዓት ሰላም ዕቅዷን ነገረችኝ። እሑድ ሱሉልታ ላይ ሰርግ አለ። ለሊሴ የምትባል፣ በጫንጮ በኩል ካለ መንደር የምትመጣ ሙሽራ፣ የዚያ ጥር የመጀመሪያዋ፣ ሰሞኑን ካባ ተከራይታለች። የሙሽራው አጎት ደግሞ ፈረሶች አሏቸው። ሙሽራዋ በመኪና መጥታ ደጃፉ ላይ ስትደርስ በፈረስ ተቀምጣ ትገባለች። እኛ ያንን ቀርጸን ካባና ፈረስ አንድ ላይ እናከራያለን ብለን እንለቃለን።

«ሰው መኪና ከፈራ ፈረስ ይወዳል» አለች።

ዓርብ

ለፈረሶቹ የሚሆነው ጌጠኛ አልባስ ቡራዩ ይሰፋ ስለነበር ልናመጣ ሄድን። ከሰበታ ተነስቶ ቡራዩ ለመድረስ እንደገና አዲስ አበባ መግባት፣ በጦር ኃይሎችና በአስኮ መዞር ነው።

ሰፊው ጋሽ ንጉሤ ከጎጃም በወጣትነታቸው መጥተው ቡራዩ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱቃቸው የአምቦው መንገድ ዳር ናት። ቀዩን ከፋይ ዘርግተው ዳር ዳሩን በቢጫ ክር ሲዘመዝሙ ደረስንባቸው። የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ልቅረጽዎት ስላቸው፣ «ቅረጪኝ፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ መልሰሽ አሳዪኝ፤ እንዳልረሳው» አሉ።

ጥቂት እንደቀረጽኩ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከመንገዱ ራስ የሱቅ በር ሲወርድ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ፤ ድምፁ እየቀረበ እንደ ባቡር ወደኛ መጣ። ጋሽ ንጉሤ አልተጣደፉም። መርፌውን ሰክተው፣ በራቸውን አውርደው፣ «ግቡ ልጆቼ፣ ዛሬ የምታድሩት እኛ ዘንድ ነው» አሉን። ከሱቁ ጀርባ ግቢያቸው ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች እንደተጠሩ እንግዶች ተቀበሉን።

ራቅ ብሎ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ተኩስ። ሰላም እጄን ያዘች። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ዝምታ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ያ የከባድ መኪና መንገድ ጭር ሲል፣ ከግቢው ሆኜ የወንዝ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። ወንዙ ሁልጊዜም እዚያው ነበር አሉ፤ የሚሰማው ግን መንገዱ ሲዘጋ ብቻ ነው።

አጥሩ ተንኳኳ። የጎረቤታቸው የአዴ ብርቄ ድምፅ ነበር፤ በኦሮምኛ «ሁላችሁም አላችሁ?» ይላሉ። ጋሽ ንጉሤ በኦሮምኛ መለሱ፤ ጎጃም ጎጃም በሚል ኦሮምኛ። አዴ ብርቄ በአጥሩ ቀዳዳ የተቀቀለ ድንችና ዳቦ አቀበሉን፤ ወይዘሮ ዘነበችም የጾሙን ሽሮ በድስት ሰደዱላቸው። ነገሩ ከተጀመረ ወዲህ ልማዳቸው ሆኗል፤ ጩኸት ሲሰማ መጀመሪያ አጥር ይንኳኳል፣ ከዚያ ያለው ለሌለው ያቀብላል።

እኔም አዴ ብርቄን በኦሮምኛ አመሰገንኳቸው። እኛ ድሬ ላይ ስንናገር ያደግነው የሐረርጌውን ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሳቃቸው መጣ።

«ይቺ ደግሞ ከየት አገር ናት? ኦሮምኛዋ ቸኩሏል» አሉ።

በዚያ በተዘጋ ከተማ መካከል፣ በአጥር ግራና ቀኝ ሆነን ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ እስኪያልቅ ሰላም እጄን አለቀቀችም።

ቅዳሜ

ጠዋት መንገዱ ተከፍቷል። የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ምልክት አስፋልቱ ላይ ቀርቷል፤ ታክሲው በላዩ አለፈ። በአስኮ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በእንጦጦ ጥግ ወደ ላይ ወጣን።

ጋራውን ጨርሰን ወዲያ ማዶ ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ተከፈተ። ድሬ ላይ ዓይን የትም ቢሄድ ተራራ ወይም ደረቅ አሸዋ ያስቆመዋል። እዚህ የሚያስቆመው የለም። ወርቃማ ሣር እስከ ሰማዩ ጥግ፣ በመካከሉ እንደ ቤት ተከምሮ የቆመ ድርቆሽ፣ ጥላ ባለበት ቦታ ሁሉ ገና ያልቀለጠ አመዳይ። ካሜራዬን አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። የት ጀምሬ የት እንደማቆም አላወቅኩም።

ፈረሶቹ የሙሽራው አጎት የኦቦ ደበላ ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ትኩስ ወተትና ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ አቀረቡልን። በግመል ወተት ያደግሁት እኔ የሱሉልታን የላም ወተት በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ከዚያ ኦቦ ደበላን «አንተ ስንት ፈረስ አለህ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሰላም ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ድሬ ላይ ሽማግሌውም «አንተ» ነው፤ «አንቱ» ማለት መራቅ ይመስለናል። ማስረዳት ጀመርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ባሰ። ኦቦ ደበላ ግን ፈገግ ብለው «ተያት፤ ከስንት ዘመን በኋላ ወጣት አደረገችኝ» አሉ።

ከሰዓት መስኩ ላይ መቅረጽ ጀመርን። ብርሃን እንዲመልስልኝ ካርቶን ላይ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ለጥፌ ነበር። ዳማው ፈረስ ያንን ሲያይ ዘለለ፤ እኔ ወደ ኋላ ስሸሽ ድርቆሹ ውስጥ ተቀበርኩ። አውጥተው ሲያራግፉኝ ድርቆሹ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። ካርቶኑን ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ፈረሶቹ ራሳቸው በፀሐይ መጥለቂያው በኩል ሲመጡ፣ እስትንፋሳቸው በብርዱ ውስጥ እንደ ጭስ ሲወጣ፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ቀረጽኩ።  

ኦቦ ደበላ አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

«ሰዎች መጥተው ይቺን መስክ ለክተዋታል» አሉ። «ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። ፈረሱ የሚበላው ከዚህ ነው። መስኩ ከሄደ ፈረሱም ይሄዳል፤ ያንቺም ቪዲዮ እንደዚያው።»

ካሜራዬን ከፈረሶቹ አንስቼ መስኩን ቀረጽኩ። 

እሑድ

ኦቦ ደበላ ቤት አድረን ስንነሳ ኢንተርኔት የለም። ቀጥሎም ስልኩ ራሱ እምቢ አለ። ረፋድ ላይ አንድ ሰው ከጫንጮ በኩል በእግሩ መጥቶ መንገዱ በድንጋይና በግንድ መዘጋቱን፣ የሙሽራዋም መኪና ከመንደሯ መውጣት እንዳልቻለ ነገረን።

በግቢው በሬ ታርዷል፤ ዳሱ ተጥሏል። ሽማግሌዎች ዳሱ ሥር ተሰብስበው ሰርጉ ይተላለፍ፣ አይተላለፍ ይከራከራሉ። ሙሽራው ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። ኦቦ ደበላ ከሁሉም በኋላ ተናገሩ።

«መንገድ የተዘጋው ለመኪና ነው። ፈረስ ከመቼ ወዲህ ነው አስፋልት የጠየቀው?»

ፈረሶቹ ሁሉ ተጫኑ። የጋሽ ንጉሤ ቀይ አልባስ፣ ደጃፍ ላይ ለመታየት የተሰፋው፣ ያን ሁሉ መንገድ ሊሄድ ሆነ። ሰላም ካባውን በፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ፈረስ ላይ ተቀመጠች። ለኔ አንዲት አሮጊት ባዝራ ሰጡኝ። ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም ስላቸው «እሷ ታውቃለች» አሉኝ።

መስክ ለመስክ፣ ድርቆሽ በድርቆሽ አልፈን የሙሽራዋ መንደር ደረስን። ለሊሴ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ናት፤ ሰው ይመጣል ብላ ስላላሰበች ጌጧን አውልቃ ነበር። ፈረሶቹን ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እናቷ ካባውን ከሰላም ተቀብለው ራሳቸው ደረቡላትና አንገቷ ሥር ያለውን ዘለበት ሲያስሩ ጣታቸው እምቢ አላቸው። አባቷ ተንበርክከው የእግሯን ጫማ በመዳፋቸው ይዘው ወደ እርካቡ አነሱት። ፊቷን አላዩም። እግሯን ብቻ እያዩ በኦሮምኛ መረቋት። ለሊሴን «ልቅረጽሽ? ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል» አልኳት።

«ይዩት» አለች።

ስንመለስ ዋናውን መንገድ ማቋረጥ ነበረብን። እዚያ ላይ ወጣቶቹ ቆመዋል፤ ዱላ የያዙ፣ ድንጋይ የደረደሩ፣ ፊታቸው የደከመ። ሲጮኹ የነበሩት ፈረሶቹን ሲያዩ ዝም አሉ። ካሜራዬ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ እየቀረጸ ነው።

ኦቦ ደበላ ከፈረሳቸው ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ የኔ የሐረርጌ ጆሮ የያዘው ይህንን ያህል ነው፦ «ሐዘን ላይ ናችሁ። እኛም ሐዘን ላይ ነን። መንገዱን ክፈቱ አልላችሁም። ይቺን ልጅ ግን ቤቷ እናድርሳት።»

 ከመካከላቸው አንዱ ዱላውን መሬት ላይ አኖረ። ገመቹ ይባላል፤ የኦቦ ደበላ የእህት ልጅ፣ ትምህርት ቆሞበት ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ። መጥቶ የለሊሴን ፈረስ ልጓም ያዘ። ሌሎቹም ትልቁን ድንጋይ ተጋግዘው ገፉት። ፈረስ የሚያሳልፍ ያህል ብቻ። ከዚያ አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ አላየሁም፣ የሙሽራ ዘፈን በዝግታ አነሳ። ሌሎቹ ተቀበሉት። አይዘሉም፣ አያጨበጭቡም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ብቻ ይቀበላሉ። ፈረሶቹ በመካከላቸው ሲያልፉ ሁሉም እንደ ተቃውሞው ምልክት ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው አነሱ። ለሊሴ ለእያንዳንዳቸው ራሷን ዝቅ እያደረገች «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለች ታመሰግናለች። እንባዋ ካባው ላይ ይወርዳል።

ብዙ ሰርግ ቀርጫለሁ። ከዚያች ባዝራ ላይ ሆኜ ያየሁትን ያህል ግን የትም አላየሁም፤ የማይም አይመስለኝም። መንገዱን ተሻግረን ርቀን ስንሄድ ጩኸቱ ከኋላችን እንደገና ጀመረ።

ሰርጉ ሲሞቅ እኔና ሰላም ወደ ጓዳ ገብተን የቀረጽኩትን ወደ ስልኳ አዛውረን አየነው። ሰላም እስከ መጨረሻው ትንፋሿን ይዛ ነው ያየችው።

«ይሄ ከወጣ ዓመቱን ሙሉ ስልኬ አያርፍም» አለች።

እውነቷን ነው። አውራ ጣት የሚያስቆም ነገር ስል የኖርኩት ይህን ነው። አዴ ጫልቱ ጠላ ሊቀዱ ገብተው ከትከሻችን በላይ አዩት። ወጣቶቹ ላይ ሲደርስ በጣታቸው እያመለከቱ ይቆጥሩ ጀመር፦ «ይሄ ጎረቤታችን ነው። ይሄ የክርስትና ልጄ። ይሄ እናቱ ታማለች።»  ከዚያ «የሁሉንም እናቶች አውቃቸዋለሁ» ብለው ማሰሯቸውን ይዘው ወጡ። 

ገመቹ ጓደኞቹን ትቶ ለምሳ መጥቶ ነበር። ጠርተን አሳየነው። አይቶ ሲጨርስ «የኔ ፊት ይውጣ፤ አልደበቅም» አለ። «የሌሎቹን ግን እኔ ልፈቅድልሽ አልችልም።»

«ፊታቸውን እሸፍነዋለሁ፤ የምሠራበት ኮምፒውተር ግን ያለው ድሬ ነው» አልኩ።

«እስከዚያ ፈታሽ ስልኩን ከያዘስ?» አለች ሰላም። የጠየቀችው እኔን ነው፤ የምታየው ግን ገመቹን ነበር።

ሰበታ ላይ ባዶዋን የቆመችውን ሱቋን አሰብኩ። የቤቱን ኪራይ፣ ሙሽራ ያጣችበትን ጥር። ልወስንላት አልቻልኩም፤ የቀረጽኩት እኔ ብሆንም ደንበኛ የምታጣው እሷ ናት። ሰላም የኔን ካሜራ ተቀበለችና ከወጣቶቹ ጋር ያለውን በሙሉ አጠፋችው። ከዚያ ከስልኳ። ከዚያ እንደገና ከፍታ አለመኖሩን አየች። ከዚያ ቀን የቀረን የለሊሴ አባት ደጅ ብቻ ነበር፤ ካባው፣ ዘለበቱና በመዳፍ የተያዘው እግር።

«ነይ፣ እንብላ» አለችኝ። አብረን ወጣን።

ሰኞ

መንገዱ ሲከፈት ወረድን። የእንጦጦው ዳገት ላይ ታክሲያችን ቆመ፤ ፈታሾች ሁላችንንም አስወረዱን፣ ስልክ በስልክ ያዩ ጀመር። አንዱ የኔን ካሜራና የሰላምን ስልክ ተቀበለ። ወጣት ነው፤ ከንፈሩ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። ፈረሶቹን አየ፣ ላሟን አየ፣ ከዚያ የለሊሴን አባት አየ። ተንበርክከው እግሯን ወደ እርካቡ ሲያነሱ ያለውን ጨርሶ፣ መለስ አድርጎ እንደገና አየው።

«ሰርግ ነው?» አለ።

«ሰርግ ነው» አለች ሰላም።

ስልኩን መለሰላት። ታክሲው ውስጥ ስንገባ ሰላም ቡራዩ ላይ እንዳደረገችው እጄን ይዛ እስከ አዲሱ ገበያ አለቀቀችም።

ድሬ ስገባ ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈኝ። ጋቢውን አጥቤ ላኩላት።

ኢንተርኔት ሲመለስ ሰላም ያቺን የቀረችውን ቪዲዮ ለቀቀች። ዋጋ አልጻፈችበትም። «ለሊሴ ከአባቷ ደጅ ስትወጣ» ብቻ አለች። ሰዎች እጮኞቻቸውን እየጠሩ ያሳዩ ጀመር። የካባውን ኪራይ የሚጠይቁ መጡ፤ ፈረስ የሚጠይቁ መጡ፤ አባታቸውን የቀበሩ ሴቶች ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ ብቻ ጻፉ። ሰላም ለሁሉም አንድ በአንድ መለሰች። ሱቋ እንዳሰበችው አልተጥለቀለቀም፤ አልተዘጋም ግን። ማስተር ፕላኑም ቀርቷል ተባለ፤ ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ኦቦ ደበላ ነበሩ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁ። ፈረሶቹ ደህና ናቸው፤ መስኩም እስካሁን አለ። ከዚያ ገመቹ ታስሮ እንደነበር ነገሩኝ። ብዙ ወራት ቆይቶ ወጥቷል፤ ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። ከዚያ ቀን ጓደኞቹ መካከል ሌላ የተያዘ የለም።

«አሁን ሊያገባ ነው» አሉ። «መጥተሽ እንድትቀርጪው ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ። ያን ቀን ፊቱን በደንብ አሳዪው፤ አገር ሁሉ ይየው።»

እመጣለሁ አልኳቸው።